ጄኔሬቲቭ ኤአይን ለሥራ መጠቀም፦ ምን እንጠይቀው? ምን እናጣራ?

ጄኔሬቲቭ ኤአይ ሲጠየቅ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ድምፅ የሚያዘጋጅ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ዓይነት ነው። በስፋት የታወቀው ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው። ጀሚናይና ክላውድም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ።

እንዴት ይሠራል?

እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። ስለዚህ አጻጻፉ ያማረ፣ ይዘቱ ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

ለምን ይጠቅማል?

ሲቪ ለማስተካከል፣ ረጅም ቃለ ጉባኤ ለማሳጠር፣ የኤክሴል ቀመር ለመጠየቅ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለመለማመድ ይረዳል።

እንዴት እንጠይቀው?

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» ብቻ ካሉት ለማንም የሚሆን ደብዳቤ ይሰጥዎታል። እንዲህ ቢሉት ይሻላል፦ «በአስመጪ ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት እያመለከትኩ ነው። የ3 ዓመት ልምድ አለኝ፤ ፒችትሪ እችላለሁ። ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ያልነገርኩህን ልምድ አትጨምር።» ማንነትዎን፣ ዓላማዎንና ገደቡን ነገሩት ማለት ነው። በአማርኛ የተማረው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ በመሆኑ የአማርኛ መልሱን ቃል በቃል ያንብቡት።

ምን እንጠንቀቅ?

• የፓስፖርትና የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የደንበኛ መረጃ ወይም የመሥሪያ ቤት ምስጢር አይስጡት። ይህ አማና ነው።

• ቁጥር፣ ቀን፣ ስምና የሕግ አንቀጽ ከዋናው ምንጭ ያመሳክሩ።

• ለመድረሳ ትምህርት ወይም ለዳዕዋ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። መሣሪያው የሌለ ሐዲስ ከነቁጥሩና ከነዘጋቢው ሊያቀርብ ይችላል። የሐዲስ ዑለማዎች ንግግሩን ከመቀበላቸው በፊት ኢስናዱን፣ ማን ከማን እንደሰማው፣ ይመረምሩ ነበር። የዚህ መሣሪያ ግምት ግን ኢስናድ የለውም። ኪታቡን ይክፈቱ፤ ለፈትዋም ዓሊም ይጠይቁ።

ከየት እንጀምር?

በደንብ ከሚያውቁት ሥራ ይጀምሩ። የሒሳብ ሠራተኛ የሒሳብ ስህተትን፣ መምህር የትምህርት ስህተትን ቶሎ ይለያል። በማያውቁት ሙያ ግን የሚያሳስተውንና የሚያቀናውን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ የኤአይ ትምህርት ሙያን ከማወቅ ጋር እንጂ በእሱ ምትክ አይሆንም። ፊርማዎ ያረፈበት ጽሑፍ ማንም ያርቅቀው ማን፣ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።