ድሪቶ ለአራስ ልጅ?

እናቴ አምና እህቴን ልታርስ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄዳ ነበር። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ የአጥሚት እህልና ሽሮ ሜዳ ያሠራችው ጋቢ ነበረበት። ጋቢው የመጀመሪያ የልጅ ልጇ መጠቅለያ መሆኑ ነው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት በሌሊት ደወለችልኝ።

«የእህትህ ጎረቤት ለልጁ ምን ይዛ መጣች መሰለህ? ድሪቶ! ጠርዙ ሁሉ የተተለተለ ድሪቶ። ለአራስ ልጅ!»

እህቴ ፎቶውን ላከችልኝ። ፍላኔል ከሚባለው ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የተገጣጠመ ትንሽ ብርድ ልብስ ነው። ራግ ኩዊልት ይሉታል። ሁለት ቁራጭ ፍላኔል ፊትና ጀርባ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ስስ ጥጥ ወይም ሌላ ፍላኔል ይገባል። እኛ ስፌትን ወደ ውስጥ እንደብቃለን፣ እነሱ ግን እዚህ ላይ ሆን ብለው ወደ ውጭ ያወጡታል። ከዚያ ጠርዙን በመቀስ እየጠቀጠቁ ያጥቡታል፤ በታጠበ ቁጥር ጠርዙ እየተፈታ እንደ ጥጥ ይፈካል። ጎረቤትየዋ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ለየልጅ ልጆቻቸው አንድ አንድ ሰፍተው ሲያበቁ ለእህቴም ልጅ አንድ ጨመሩ። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ደህና ብርድ ልብስ መግዛት አቅቷት ነው?»

አልፈርድባትም። ድሪቶ በእኛ ቋንቋ የለማኝና የባሕታዊ ልብስ ነው። የተጣፈ ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ቃሉን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። እኔም መጀመሪያ የሳቅኩት በሌላ በኩል ነው፤ አዲስ ጨርቅ ከሱቅ ገዝቶ፣ ቆራርጦና ጠርዙን አስረጅቶ ድሪቶ ማስመሰል የጥጋብ ጨዋታ መሰለኝ። ግን ነገሩ አልለቅ አለኝና ስለ ኩዊልት ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት አላባማ ወሰደኝ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

አላባማ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ጥምዝ ብሎ በሦስት በኩል የከበበው አንድ መንደር አለ፤ ጂስ ቤንድ ይባላል። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ፔትዌይ የሚባል የቤተሰብ ስም አላቸው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ስሙ የአያቶቻቸው ጌታ ስም ነው፤ ማርክ ፔትዌይ የሚባል የእርሻ ባለቤት በ1840ዎቹ አጋማሽ መቶ ያህል ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና በእግር አስጉዞ ያሰፈረበት ቦታ ነው። ባርነት ቀረ ከተባለ በኋላም ጥጡ፣ መሬቱና ዕዳው ሌላ ሰው እጅ ቀረ።

በ1932 በዱቤ ያበድራቸው የነበረ ነጋዴ ሞተ። ወራሾቹ ዕዳ ለማስመለስ መጥተው በቅሎውን፣ ላሙን፣ ዶሮውን፣ የእርሻ ዕቃውን፣ ጎተራ ያለውን በቆሎ ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ያን ክረምት መንደሩን ከረሃብ ያተረፈው የቀይ መስቀል እርዳታ ነው።

ኩዊልቱ እንዲህ ባለ ቤት የተሰፋ ነው። ቤቶቹ ነፋስ በስንጥቃቸው የሚያስገቡ የእንጨት ጎጆዎች ነበሩ። ሴቶቹ ግድግዳውን በጋዜጣ እየለጠፉ፣ ልጆቻቸውን ደግሞ ካረጀ የሥራ ሱሪ፣ ከዱቄትና ከማዳበሪያ ጆንያ በተገጣጠመ ብርድ ልብስ እየደራረቡ ያስተኛሉ። አዲስ ጨርቅ የለም። በጉልበቱ በኩል ያለቀ ሱሪ ሲቀደድ ከኪሱ ሥር ፀሐይ ያልነካው ጥቁር ሰማያዊ ይወጣል፤ ያ እንደ ጌጥ ይሆናል። እኛ እራፊ የምንለውን እነሱ አጠራቅመው ያስቀምጡታል።

አንዱን ታሪክ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል የዚያ መንደር ሴት ባሏ ሞተባት። የሥራ ልብሶቹን ሰበሰበች፤ ሸሚዙንም ሱሪውንም ቀደደች፤ እርሱን እንዲያስታውሳት ከሥሩ የምትተኛበት ኩዊልት አድርጋ ሰፋችው። በጊዜው ወጣት የነበረችው ልጇ አርሎንዚያ አግዛታለች፤ ታሪኩንም ለዓለም የነገረችው እርሷ ናት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «በይ ደህና እደሪ» ብላኝ ዘጋችው፤ እኔ ወንድ ልጇ መሆኔን ረስታ።

በ1962 የጂስ ቤንድ ሰዎች ለመራጭነት ሊመዘገቡ ወደ ካምደን ከተማ መሻገር ሲጀምሩ የወንዙ ጀልባ አገልግሎት ተቋረጠ። ፊት ለፊት የሚታይ ከተማ ለመድረስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መዞር ግድ ሆነ። ጀልባው የተመለሰው በ2006 ነው! በዚያው አካባቢ በ1966 ሴቶች ተሰባስበው ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የስፌት ማኅበር አቋቋሙ። ለብዙዎቹ ከጥጥ እርሻ ውጪ በገዛ እጃቸው ያገኙት የመጀመሪያ ገንዘብ ይህ ነበር። በ1972 ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ አዘዛቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም በልክ። ከትዕዛዙ የተረፈውን ቁራጭ ኮርዶሮይ ወደ ቤት እየወሰዱ እንደ ልባቸው ሰፉት። ዛሬ ሰው ቆሞ የሚያደንቀው ይህን እንደ ልብ የተሰፋውን ነው።

አዎ፣ ቆሞ። በ2002 ኩዊልቶቹ ሂዩስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ወጡ፤ ቀጥሎ ኒውዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም። ሐያስያን የዘመናዊ ሥዕል ቁንጮ ከሚሏቸው ጋር አስተካከሏቸው። በ2006 አሜሪካ ዐሥር የፖስታ ቴምብር አተመችላቸው። እዚህ ላይ ግን እንደ አንዳንድ ጸሐፊ ‹ድህነት ጥበብ ወለደ› ብዬ ማጨብጨብ አይሆንልኝም። ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ብርዱን ነው፤ ልጅ እንዳይበርደው ነው የሰፋነው ይላሉ። ዝናው ሲመጣ ገንዘቡ ማን ጋ ገባ የሚል ጥያቄም አብሮ መጣ፤ በ2007 ከሰፊዎቹ የተወሰኑት ሥራቸውን የሰበሰቡትንና ለዓለም ያስተዋወቁትን ሰዎች ከሰሱ፤ ጉዳዩ በተከታዩ ዓመት በስምምነት ተዘጋ።

የሜሪላንዷ ጎረቤት ፍላኔል ከጂስ ቤንድ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጠርዙ የሚፈካው ዓይነት ከዚያ የተለየና የቅርብ ጊዜ ነው። ግን ሁለቱም ለልጅ የሚሰፉበት ምክንያት ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። እኛስ ጨቅላ የምንጠቀልለው በምን ነበር? በአዲስ አቡጀዴ? ብዙ በታጠበ፣ ባረጀ ነጠላ አልነበረም? ገላውን ስለማይኮሰኩሰው።

እናቴ ከሰባት ወር በኋላ ተመለሰች። ጋቢው ለክብር ቀን ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጁ የሚተኛው ድሪቶው ላይ ነው፤ ስታጥበው የኖረችውም እርሷው ናት። በመጣች በሳምንቱ የአባቴን ሣጥን ከፈተች። አባቴ ሲሞት ልብሱን ለነዳያን ሰጥተናል፤ እርሷ ግን ሁለት ሸሚዝና አንድ ካኪ ኮት አስቀርታ ኖሯል። በፌስታል ይዛ ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እንዴት እንደሚቆረጥ በጣቷ እያሳየች አስረዳችው።

ሰውዬው ኮቱን አገላብጦ አየና፣ «እትዬ፣ ይሄማ ድሪቶ ነው የሚሆነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ጠርዙን ወደ ውጭ አውጣው።»