ብርድ የሚለኩሰው ስብ

ስብ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው አንዱን ነው፤ ወገብ ላይ ተቀምጦ አልወርድም የሚለውን። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሌላው ነው፤ ስለ ቡናማው ስብ። ነጩ ያጠራቅማል፣ ቡናማው ግን ያነዳል። ታሪኩን ያነሳነው "ስብ አቃጣይ" የተባሉ ክኒኖችን በእኩዮቻችን ቦርሳ ውስጥ ማየት ስለለመድን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በ1551 ይጀምራል። ኮንራድ ጌስነር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ክረምቱን ተኝቶ የሚያሳልፈውን ማርሞት የተባለ የአልፕስ ተራራ እንስሳ ሲያጠና፣ ትከሻው መካከል ያገኘውን ነገር ስብ ልበለው ሥጋ ብሎ ተቸገረ። በሁለቱ መካከል ያለ ነገር አድርጎ መዘገበው። ከእሱ በኋላ የመጡትም ለረጅም ጊዜ "የክረምት እንቅልፍ ዕጢ" ሲሉት ኖሩ። ሙቀት ማመንጫ መሆኑ በደንብ የታወቀው ገና በ1960ዎቹ ነው።

እንዴት ያሞቃል? በሴሎቻችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ሞተሮች አሉ። ምግብ እያነደዱ ለሥራ የሚሆን ጉልበት ይሰጡናል። በቡናማው ስብ ውስጥ ግን ዩሲፒ-1 የተባለ ፕሮቲን ማርሹን ያወጣዋል። ማርሽ ሳያስገባ ነዳጅ የሚረግጥ የሚኒባስ ሾፌር አስቡ፤ ታክሲው አይሄድም፣ ነዳጁ ግን ያልቃል፣ ሞተሩም ይግላል። መንቀጥቀጥ በቅጡ የማይችሉ ጨቅላ ሕፃናት ብርድን የሚቋቋሙት በዚህ ነው።

የሚገርመው፣ የሰው ልጅ ይህን ዘዴ ሳይገባው በፊት በክኒን ሞክሮታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የፈንጂ ፋብሪካዎች ዳይናይትሮፌኖል ከተባለ ኬሚካል ጋር የሚውሉ ሠራተኞች ያልባቸው፣ ያተኩሳቸውና ይከሱ ነበር። የሞቱም አሉ። በ1933 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ኬሚካል ለማክሻነት አስተዋወቁት፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሳይቀር ተቸበቸበ። ሰዎች በርግጥም ከሱ። ግን አንዳንዶቹ በዓይን ሞራ ታወሩ፣ አንዳንዶቹም ከውስጥ በሚነሳ ትኩሳት ሞቱ። ከ1938 በኋላ አሜሪካ ለሰው የማይሆን ብላ ከለከለችው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቡናማው ስብ ማርሹን የሚያወጣው በራሱ ሴሎች ውስጥ ብቻ፣ ነርቭ ሲያዘው፣ ፍሬን ይዞ ነው። ኬሚካሉ ግን በመላ ሰውነት ነው፤ ፍሬንም የለውም። ዛሬም በኢንተርኔት በድብቅ ይሸጣል፤ ዛሬም ይገድላል።

ምግብስ? በ1979 ለንደን ውስጥ ናንሲ ሮዝዌልና ማይክል ስቶክ አይጦችን በሚጣፍጥ ምግብ አጠገቧቸው። አይጦቹ የበሉትን ያህል አልወፈሩም፤ ቡናማ ስባቸው አድጎ ከትርፉ ከፊሉን እያነደደው ነበር። ብዙዎች ጓጉ። ችግሩ፣ የሰው ቡናማ ስብ ከልጅነቱ ጋር አብሮ ይጠፋል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህን እምነት የሰበሩት ካንሰር ፈላጊ ማሽኖች ናቸው። ስኳር በብዛት የሚበላውን የሰውነት ክፍል የሚያሳየው ምርመራ፣ አንዳንድ ሰዎች አንገትና ትከሻ ላይ ካንሰር ያልሆነ ብርሃን ያሳይ ጀመር። ክፍሉ ሲሞቅ ደግሞ ብርሃኑ ይቀንሳል! በ2009 ከቦስተን፣ ከኔዘርላንድና ከፊንላንድ ሦስት ጥናቶች በአንድ ላይ ወጡ። በኔዘርላንዱ ጥናት 24 ወንዶች በ16 ዲግሪ ቅዝቃዜ ተቀምጠው በ23ቱ ላይ ቡናማው ስብ ሲሠራ ታየ። ወፈር ያሉት ላይ ግን ሥራው ደካማ ነበር።

በ2013 ጃፓኖች በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት፣ በ17 ዲግሪ የተቀመጡ ሰዎች ስባቸው በጥቂቱ መቀነሱን ዘገቡ። (ሚጥሚጣስ ለምትሉ፦ እነሱ የሞከሩት ከማያቃጥል የቃሪያ ዓይነት የወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ክትፎውን በዚህ አታሳቡ።)

እንግዲህ ብርድ ይህን ስብ እንደሚለኩሰው ተረጋግጧል። በሰው ላይ ግን ጥቅሙ ትንሽና ዘገምተኛ ነው፤ እንደ አይጦቹ ጠግቦ መብላትም ለእኛ መውጫ አይሆንም። ፈጣን ነኝ የሚል ክኒን ሲያጋጥማችሁ ታዲያ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ፍሬኑ የት ነው?