ደኑ ሲመነጠር ዝናቡ ምን ሆነ?

ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፎ በዳንግላ በኩል መራዊ ይደርሳል። እኛ የዚያ አገር ልጆች ይህን መንገድ ለዕረፍት ስንሄድና ስንመለስ ስንት ጊዜ ተመላልሰንበታል! ከመስኮት ማዶ የሚታየው ያው ነው፤ እርሻ፣ እንደገና እርሻ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ባሕር ዛፍ። አልፎ አልፎ ብቻ ጉብታ ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ ነገር ብቅ ይላል። እሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋንዛው፣ ዝግባው እዚያ ቅጽር ውስጥ ተጠግቶ ቀርቷል። አንድ ጓደኛችን ይህን አይቶ «የተረፈው ዛፍ ሁሉ መንኩሷል» ብሎ አሳቀን።

ቀልዱ ግን ጥያቄ አስከተለ። በቅጽሩ ውስጥ ያለው ዛፍ ውጭም ነበረ ወይ? ከነበረስ ማን ቆረጠው? ሽማግሌዎቻችን ክረምቱ በተዛባ ቁጥር «ዱሩ ሲሄድ ዝናቡን ይዞት ሄደ» የሚሉትስ እውነት ነው?

በትምህርት ቤት የተሰጠን መልስ አጭር ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ገበሬው ቆርጦ ጨረሰው፤ ድርቅም መጣ። በቃ። ይህን ለፈተና ሸምድደን አልፈንበታል። ይሁንና ጄምስ ማካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ነገሩን ሲመረምረው፣ 40 በመቶ የሚለው ቁጥር የጸና መሠረት የለውም። አንዱ ሪፖርት ከሌላው ሲገለብጥ፣ ያኛውም ከዚህኛው ሲቀዳ ኖሮ እንደ እውነት ተቆጠረ እንጂ የለካው ሰው አልነበረም። የሰሜኑ ደጋ በሬና ማረሻ ካወቀ ሺህ ዓመታት አልፈውታል። ራሷ አዲስ አበባ እንኳ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ማገዶ አልቆባት፣ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ ነው ከተማዪቱ ባለችበት የቀረችው።

እንግዲህ ገበሬው ነጻ ወጣ፣ ደንም አልጠፋም ልንል ነው? አይደለም። አገር አቀፉ ቁጥር ቢፈርስም የእኛው አውራጃ የራሱ ማስረጃ አለው። ዶክተር ጌቴ ዘለቀና ስዊሳዊው ሐንስ ሁርኒ በደምበጫ አካባቢ 27,000 ሄክታር ያህል መሬት ይዘው በተለያየ ጊዜ ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን አስተያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ከዚያ መሬት 27 በመቶው የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 2 በመቶ ቀረ። በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ! በዚያው ጊዜ የሚታረሰው መሬት ከ39 በመቶ ተነሥቶ በ1982 70፣ በ1995 77 በመቶ ደርሷል። እንግዲህ ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም። የአባቶቻችን የጉልምስና ዘመን ነው። «እዚህ ጋ ዱር ነበር፣ ጅብ ይፈራ ነበር» ሲሉን ተረት የሚያወሩ መስሎን ነበር፤ ለካ የዓይን ምስክር ሆነው ነው የሚያወሩት።

በሁለቱ የመጀመሪያ ፎቶግራፎች መካከል 25 ዓመት አለ። በዚህ ውስጥ ንጉሡ ወርደዋል፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ታውጇል። ስለዚህ ምንጣሮውን አንዱ ወገን በሌላው ላይ ሊያላክክ ይችላል፤ ፎቶግራፉ ግን ይህን አይለይም። እኛ የምናውቀው የሁለቱንም ዘመን ጠባይ ነው። በርስት ዘመን የአንድ አባት ልጆች ሲበዙ መሬቱ ይሸነሸናል፤ ድርሻው ያልበቃው ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ ይመነጥራል። ከአዋጁ በኋላ ደግሞ መሬቱ የሕዝብ ሲባል ዛፉ የማን እንደሆነ ሳይጠራ ቀረ። «ዛሬ ያልቆረጥኩትን ነገ ማን ይቆርጠዋል?» የሚል ሥጋት ባለበት ዛፍ አይቆምም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በየአካባቢው በዘመቻ የተተከለው የማኅበር ደን የተጨፈጨፈበትን ምክንያት ከዚህ ውጭ መፈለግ ዋጋ የለውም። ያን ደን የተከለው ገበሬው ራሱ ነበር፤ የእኔ ነው ብሎ ግን አያውቅም።

ወደ ዝናቡ እንመለስ። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችንን እያከበርን መከራከር ግድ ሆኖብናል። የክረምታችን ዝናብ ከሩቅ የሚመጣ ነው። እርጥበቱ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕር፣ ከኮንጎ ተፋሰስም ጭምር ተጭኖ ይመጣል። በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ ኤል ኒኞ የሚባለው የውሃ ሙቀት ሲነሣ ክረምታችን ይዳከማል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው፤ በዚያ የተነሣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ስለዚህ የደምበጫን ወይራ የቆረጠ ሰው ያን ድርቅ አመጣ ማለት ግፍ ነው። የኮንጎ ደን ነገር ግን ይለያል። ትልቅ ደን ከመሬት የጠጣውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ ለነፋስ መልሶ ያስረክባል፤ ነፋሱም ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። የእኛ ክረምት ከዚያ ድርሻ ካለው፣ ኪሳንጋኒ አጠገብ የሚሰማው የመጋዝ ድምፅ የቡሬንም ገበሬ ይመለከተዋል ማለት ነው።

ደግሞስ ደኑ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ክፉ ዘመን አልነበረም? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን እናስታውስ። ዝናቡ ቀረ፣ አንበጣና ተምች መጣ፣ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። ጎጃም ላይ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት አልፎበታል፤ ጎተራው የተራቆተው በሰማይ ብቻ አልነበረም። በ1951 ዓ.ም. መግቢያም፣ የደምበጫ ደን ገና 27 በመቶ ሳለ፣ ከልክ ያለፈ ዝናብና ሙቀት ተከትሎ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አጥለቀለቀ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። ደን ሁሉን መዓት ይመልሳል ብለን እንዳንሰብክ ይህ ይከለክለናል።

ታዲያ ደኑ ምን ያደርግ ነበር? እኛ የደረስንበት ይህ ነው፦ ዝናቡን ከሰማይ ከማምጣት ይልቅ፣ ከመጣ በኋላ መሬት ላይ ያስተናግደው ነበር። ድርቁም ከባዱ ዝናብም ያለ እሱም ይመጡ ነበር፤ እሱ ግን በመካከል ቆሞ ነበር። ያው ዝናብ ጎርፍ የሚሆነው፣ ያው የበጋ ፀሐይ ምንጭ የሚያደርቀው፣ መካከለኛው ሲነሣ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ከደምበጫ በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትገኘው ወደ አንጀኒ መሄድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊሱ የበርን ዩኒቨርስቲ ባቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጣቢያ ተከፈተ። ሥራው ቀላል ነው፤ ዝናቡን መለካት፣ ከማሳው የሚወርደውን ውሃ መለካት፣ በውሃው ውስጥ ያለውን አፈር አድርቆ መመዘን። የአንጀኒ አማካይ የዓመት ዝናብ ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ማንም አገር የሚቀናበት ዝናብ! ነገር ግን እርከን ከሌለው የታረሰ ዳገት ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር ከ100 ቶን በላይ አፈር ሲታጠብ ታየ። ሁርኒ ለደጋው የእርሻ መሬት ሁሉ ያወጣው አማካይ ግምት 42 ቶን ነው። ዝናብ የበዛለት አገር የበለጠ ተዘረፈ ማለት ነው።

ምክንያቱም አይከብድም። ዱር ውስጥ የዝናብ ጠብታ መሬት ከመድረሱ በፊት በቅጠል ላይ ይሰበራል፤ ከዚያ የረገፈው ቅጠል ይቀበለዋል፤ ሥር የበሳው መሬትም ይጠጣዋል። ማሳ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ከዚህ ላይ ጤፋችንን እንጨምርበት። ጤፍ ደቃቅ ነውና መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ልሞ፣ አንዳንድ ጊዜም በከብት ተረግጦ ይዘራል፤ የሚዘራውም ሐምሌ፣ ዝናቡ በሚያይልበት ወር ነው። ጠብታው የላመውን አፈር ይመታና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ውሃው መግቢያ ያጣል። ገበሬው ትርፉን ውሃ ለማስወገድ በማሳው አግድም ፈሰስ ይቀዳል። ፈሰሱ ማሳውን ያድናል፤ የጎረቤትን ማሳ ግን ቦረቦር ያደርገዋል። በዚህ የተጣሉ ጎረቤታሞች በየሠፈራችን አሉ፤ ሽምግልና የተቀመጥንበትም አለን።

ቦረቦር ካልን ከመራዊ ብዙ የማይርቀውን ደብረ መዊን ማንሣት ይገባል። ተመራማሪዎች እዚያ አንዱን ቦረቦር ሲከታተሉ ስፋቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. 0.65 ሄክታር፣ በ2007 1 ሄክታር፣ በ2008 1.43 ሄክታር ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬዎቹ የቦረቦሩ መነሻ የዳገቱ ዱር ከተመነጠረ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መካከል እንደሆነ መስክረዋል። እኛን ያስገረመን ግን አሠራሩ ነው። ዛፉ በሥሩ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይጠጣ ነበር። ዛፉ ሲሄድ ዳገቱ ያላቆመው ውሃ ሸለቆው ሥር ይጠራቀማል፤ መሬቱ ከውስጥ ይረሰርሳል፤ የቦረቦሩ ግድግዳም ሳይገፉት በራሱ ይናዳል። ማለት፣ ቦረቦሩን ከላይ የሚመጣ ጎርፍ ብቻ አይቆፍረውም፤ ከሥር የሚወጣም አለ። ለዚህ ነው አፉ ላይ የተከመረ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከነክምሩ የሚወሰደው።

ወደ ሰዉ ስንመጣ ዕዳው በየቤቱ ይታያል። ማገዶ የጠፋበት ቤት ኩበት ያነዳል፤ ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ያልቃል፤ ማሳውም ማዳበሪያ በብድር ይጠብቃል። ሚያዝያ ላይ ምንጩ ሲቀጥን እንስራ የምታዝለው እናት መንገዷ ይረዝማል። ይህ የረሃብ ዜና አይሆንም፤ ፎቶግራፍ አንሺም አይመጣለትም። የሚነገረው ጎርፉ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ስታጣ፣ በዚያው ክረምት የጣና ዳር ሜዳዎች፣ ፎገራና ደንቢያ፣ ውሃ ተኝቶባቸው ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። የእኛም ግልገል ዓባይ ጣና አፍ ላይ የሚያፈስሰው አፈር ሐይቁ ውስጥ አዲስ መሬት እየሠራ ነው። የሰው ማሳ ተጉዞ ሌላ ቦታ ደሴት ይሆናል።

ድርቅ ደግሞ ደን ያስቆርጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከሌላውም ቦታ የተራበው ሕዝብ ተጭኖ፣ ያኔ የጎጃም ክፍል ወደነበረው ወደ መተከል፣ ፓዌ ላይ ሠፈረ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሠፋሪ ነበር። እንደኛ ያሉ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ጎጆ እንዲሠሩላቸው ወደዚያና ወደ ጋምቤላ ዘምተዋል። ጎጆው የተሠራበት እንጨት፣ ለእርሻ የተገለጠውም ቆላ ዱር ነበር። ዱሩ ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች የሚኖሩበት፣ የሚያድኑበት፣ ማር የሚቆርጡበት አገራቸው ነው። ሠፋሪው በወባ ረገፈ፤ ጉሙዙ ተገፋ። በደጋው የተጀመረው ምንጣሮ ሰው ጭኖ ቆላ ወረደ።

መራዊ ላይ ዛሬ ዛፍ የለም የሚል ሰው ውሸታም ይባላል። ባሕር ዛፉ ማሳ ውስጥ ገብቶ ጤፉንና ዳጉሳውን እያስለቀቀ ነው። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ አጣናውን በግንድ ቆጥሮ ይሸጣል፤ በረዶ አይመታበት፣ ማዳበሪያ አይበደርለት። ለ40 በመቶው ተረት የተወቀሰ ሰው አሁን ዛፍ ሲተክልም ለምን ተከልክ ተብሎ ይወቀሳል። ነገር ግን የባሕር ዛፉ ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ከሥሩ ያለው መሬት ራቁቱን ይቀራል፤ ሐምሌ ላይ ጠብታው የሚያገኘው ያንኑ ራቁት መሬት ነው። ከከተማዋ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ፣ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራ። በበጋ ቦዩ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ጠርቶ ልጆች ይዋኙበታል። ክረምት ሲገባ ከላይ ከዳገቱ ወደ ግድቡ የሚወርደው ቆጋ ግን ቀይ ነው።