«ሸመነ» ስለሚለው ግስና ስለ ዶርዜ ስም

ግስ የሰውን ሥራ ይነግራል፤ ስም ግን ሰውን ራሱን ይጠራል። የሥራ ቃልና የሕዝብ ስም ሲቀላቀሉ የሚመጣውን ጥፋት «ሸመነ» ከሚለው ግስ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በግእዝ ይህን ሥራ የሚነግረው ግስ «አነመ» ነው። አማርኛ ግን ሌላ ቃል ይዟል፤ ሸማ፥ ሸማኔ፥ ሸመነ የሚሉት ቃላት እንደ አንድ ቤተ ሰብ ናቸው። ፍችውም ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፉ ልብስ መሥራት ነው። ሮማውያን «ቴክሴሬ» ከሚለው የሽመና ግሳቸው የድርሰትን ስም አወጡ፤ እንግሊዞችም «ቴክስት» የሚሉት ቃል ከዚሁ የመጣ ነው።

እኛ ግን ከዚህ ግስ ስድብ አወጣን። ባለ እጅ ሁሉ በሥራው ይናቅ ነበርና፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ክልክል መሆኑን በአዋጅ አስታወቁ።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፥ በጨንቻ አጠገብ ባለው የጋሞ ደጋ የሚኖር ሕዝብ ነው። በአገሩ እንሰትና ገብስ ያለማል፤ ከቀርከሃም ረዣዥም ቤቶችን ይሠራል። ጥጡ ከቆላ ይመጣለታል፤ ሴቶች ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። በዚያ አገር ሽመና የተከበረው ዜጋ ሥራ ነበር፤ ንቀቱ የወደቀው በሸክላ ሠሪውና በቆዳ ፋቂው ላይ ነበር፤ ይህም ቢሆን የሚያሳዝን ነው።

የጋሞ አገር በምኒልክ ዘመን ከመንግሥቱ ጋር ከተጠቃለለ በኋላ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ተቀመጡ። ከተሜውም ከዶኮ የመጣውን፥ ከኤዞ የመጣውን ሳይለይ ሁሉንም «ዶርዜ» አለ። እንዲህም ሆኖ የአንድ ሕዝብ ስም የሥራ ስም ሆነ፤ ለሥራው የነበረውም ንቀት ከስሙ ጋር ተጣበቀ። ገበሬው ዶርዜ ተረሳ፤ ዶርዜ ያልሆነውም ሸማኔ የትውልድ ስሙን አጣ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በበዓል ቀን ነጭ ሸማ ስትለብስ ይህን አስብ። ዶርዜ የሕዝብ ስም ነው፤ ሸመነ የእጅ ሥራ ነው። ሥራውን አክብረህ ሠሪውን በገዛ ስሙ ብትጠራው፥ ሁለቱንም ቃላት ወደ ስፍራቸው ትመልሳለህ።