የመኪና በርና ዝናብ፦ የመቶ ዓመት ሙግት

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የአሮጊቷ መኪናዬ ምንጣፍ ረጠበ። በሾፌሩ በኩል እግሬን ሳሳርፍበት ውሃ ይተፋል። ጋራዥ ወሰድኳት፣ «የበሩ ጎሚኒ አልቋል» ተባልኩ። አስቀየርኩ። ዘነበ፣ ገባ። ተመልሼ ሄድኩ፣ የበሩን ጠርዝ ዙሪያውን በሲሊኮን ለጠፉልኝ። ዘነበ፣ ጭራሽ ብሶበት ገባ።

በመጨረሻ ሰው የጠቆመኝ አንድ አዛውንት ባትላሜራ በሩን ከፍተው የታችኛውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱና ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ በር እኮ ውሃ እንዲገባበት ተደርጎ ነው የሚሠራው። እናንተ የዘጋችሁት መውጫውን ነው» አሉኝ።

ነገሩ አልዋጥልኝ ብሎ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውዬው ልክ ናቸው። ከጀርባው ደግሞ መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ አለ።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚያፈስ በር አልነበራቸውም፤ ምክንያቱም የሚዘጋ ነገር አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ የቀረበው የፎርድ ሞዴል ቲ በብዛት የተሸጠው ክፍት ሆኖ ነው። ዝናብ ሲመጣ የሸራውን ጣሪያ መዘርጋት፣ በጎንና በጎን መጋረጃ ማንጠልጠል፣ ከዚያ ካፖርት ደርቦ መንዳት ነው። መርጠብ የመኪና ባለቤትነት አንዱ አካል ነበር ማለት ይቻላል። ባለ መስታወትና ባለ ሙሉ ጣሪያ መኪና የሀብታም ነበር። በ1919 አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ዝግ የሆኑት 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ይህን የገለበጠው ዋጋ ነው። የሃድሰን ኩባንያ በ1921 መጨረሻ ገደማ ኤሴክስ የተባለውን ዝግ መኪናውን በ1,495 ዶላር አወጣ። እየቀነሰ ሄዶ በ1925 895 ዶላር ገባ፤ ከራሱ ከክፍቱ ኤሴክስ በ5 ዶላር ረከሰ ማለት ነው። ታዲያ ማን በመጋረጃ ይንዳ? በ1927 ከአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ዝግ የሆኑት 85 በመቶ ደረሱ። በስምንት ዓመት ውስጥ የመኪና ትርጉሙ ተቀየረ።

ችግሩም ያኔ ተወለደ። ዝግ መኪና ውስጥ አየር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መስታወቱ መውረድ አለበት። መስታወቱ የሚወርደው ወዴት ነው? ወደ በሩ ሆድ። ስለዚህ በሩ ባዶ ሆድ እንዲኖረው፣ ከላይ ደግሞ መስታወቱ የሚያልፍበት ስንጥቅ እንዲኖረው ግድ ሆነ። መስታወቱን ግራና ቀኝ የሚጠርገው ቀጭን ላስቲክ አቧራውንና አብዛኛውን ውሃ ይመልሳል እንጂ ፈጽሞ አይደፍንም። ጠብቆ ቢደፍን መስታወቱ አይንቀሳቀስም። ዝናብ በመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል። ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ መኪናም እንዲሁ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ከውሃ ጋር መታገል ሳይሆን መንገድ ማሳየት ነው። በበሩ ታች ትናንሽ ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ የገባው ውሃ በእነሱ በኩል መሬት ይወርዳል። ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ደግሞ ውሃ የማያሳልፍ ወረቀት ይለጠፋል፤ በኋላ ዘመን ይህ ወረቀት በፕላስቲክ ተተካ። በሩ ሆድ ውስጥ የሚረጨው ውሃ ወደ ተሳፋሪው እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። እኛ ሁልጊዜ የምንከሰው ጎሚኒ ሥራው ሌላ ነው፤ በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት።

የጎሚኒው የራሱ ታሪክ ደግሞ መከራ የበዛበት ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 በጎማ የተቀባ ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ አስመዘገበ። ግን ያ ጎማ ሲበርድ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይጣበቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማና ድኝ አብረው ሲሞቁ ብርድም ሙቀትም የሚችል ነገር እንደሚሆኑ ደረሰበት። ቮልካናይዜሽን የምንለው ይህ ነው። የባለቤትነት መብቱን በ1844 አገኘ፤ በ1860 ሲሞት ግን ባለ ዕዳ ሆኖ ነው። ከዚያም ዓለም ጎማ ሲራብ፣ በንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ኮንጎ የጎማ ኮታ ባልሞሉ መንደሮች ላይ እጅ እስከ መቁረጥ የደረሰ ግፍ ተፈጸመ። በሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ጥቁር ላስቲክ ዘመዶቿ በደም የተነከሩ ናቸው።

የተፈጥሮ ጎማ አንድ ጠላት አለው፦ ኦዞን። አየር ውስጥ ያለ ትንሽ ኦዞን የጎማውን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ቶሎ ይሰነጣጠቃል። የድሮ መኪና ጎሚኒ እንደ ደረቅ መሬት ተሰነጣጥቆ የምናየው ለዚህ ነው። በ1942 ጃፓን ማላያንና የዛሬዋን ኢንዶኔዢያ ስትይዝ አሜሪካ አብዛኛው የጎማ ምንጯ ተቆረጠባት፤ ሰው ሠራሽ ጎማም በግዴታ በብዛት መመረት ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ ዚግለርና ናታ የተባሉ ኬሚስቶች ያገኙት ዘዴ፣ የ1963ን ኖቤል ያሸለማቸው፣ በ1960ዎቹ ኢፒዲኤም ለተባለ ጎማ በር ከፈተ። ይህ ጎማ ኦዞንን ይችላል፣ ፀሐይን ይችላል። ዛሬ የአብዛኛው መኪና የበር ጎሚኒ ከእሱ ነው። የማይችለው ግን አለ፦ የነዳጅ ዘይት። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ግሪስ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። «ይለስልስ» ብለን ግሪስ የምንቀባው ሰዎች በገንዘባችን እየገደልነው ነው። በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከፈለጉም የሲሊኮን ቅባት በስሱ መቀባት ይበቃዋል።

ወደ እኔ በር ልመለስ። አዛውንቱ የውስጡን ሽፋን ሲያወልቁ ፕላስቲኩ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት መስታወት ማንሻው ተበላሽቶ ሌላ ጋ ተሠርቶ ነበር። የሠራው ልጅ ፕላስቲኩን ቀዶ ሳይመልሰው ሽፋኑን ገጥሞታል። ታች ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ ከፊሎቹ በጭቃ፣ ቀሪዎቹ በእኔው ሲሊኮን ተደፍነዋል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ በተቀደደው በኩል ወደ ምንጣፌ መጣ። ሁለት ጊዜ የከፈልኩበት ጎሚኒ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ምንጣፋችሁ ከረጠበ፣ ጎሚኒ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦

መጀመሪያ የበሩን ታች ተመልከቱ፤ ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት ክፈቱ።

ቀጥሎ ብር ኖት በበሩና በቦዲው መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ጎሚኒው አይጫንም፤ ወይ አልቋል፣ ወይ በሩ ራሱ መስተካከል አለበት።

ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ አስቀምጣችሁ በጎማ ቱቦ ውሃ በዝግታ ከታች ወደ ላይ አጠጡ። ከላይ ከጀመራችሁ የት እንደገባ አታውቁም።

የበር ሽፋን በተከፈተ ቁጥርም «ፕላስቲኩ ተመልሷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አትናቁት። ምንጣፍ ሥር ገመድ አለ፣ በብዙ መኪኖችም የኤሌክትሪክ ሳጥን ጭምር። ላሜራው ከሥር እየዛገ ከላይ ምንም አይታይም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ወንዝ ዳር ቆመው ቢሆንም፣ ለመኪናም ይሠራል።

አዛውንቱ የጠየቁኝ ገንዘብ ከአንዱ ጎሚኒ ዋጋ ያነሰ ነው። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ጠዋት ወርጄ አየሁ፤ ከበሩ ሥር መሬቱ ላይ ትንሽ ኩሬ፣ ውስጥ ምንጣፉ ደረቅ።

መልካም ክረምት።