በመስተዋት ላይ የቀረች አረፋ

የፎቶግራፍ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወደሱት ፈልሳፊዎቹ ናቸው። ኢሙልሽኑን በመስተዋት ላይ ያፈሰሱትን እጆች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ለመሆኑ የመርፌ ጫፍ የምታህል የአየር አረፋ የአንድን ምስል ዕድል ስትወስን ያስተዋለ ስንቱ ነው?

እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ስኮት አርቸር እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ ባደረገው የኮሎዲየን ዘዴ፣ ሰሌዳው ሳይደርቅ ማንሣትና ማጠብ ግዴታ ስለ ነበር፣ ፎቶግራፍ አንሺው ጨለማ ክፍሉን ተሸክሞ ይዞር ነበር። የኤተር ሽታ ጤናውን ያወከው ሐኪሙ ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 በኮሎዲየን ፈንታ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚገኘውን ጄላቲን አቀረበ። በ1878 ቻርልስ ቤኔት ኢሙልሽኑን በሙቀት ለቀናት በማቆየት ለብርሃን ያለውን ስሜት እጅግ አሳደገው። ደርቆ የሚቀመጥ ሰሌዳም ለሥራ በቃ።

ይሁን እንጂ ጄላቲን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። በኃይል ሲማታ አየር ያምቃል፤ ሲቀዘቅዝም አየሩን እንዳመቀ ይረጋል። አረፋዋ ባረፈችበት ሥፍራ ብርሃን የሚቀበል የብር ጨው አይኖርም። በመሆኑም በኔጋቲቩ ላይ ባዶ ነጥብ፣ በወረቀቱም ላይ ጥቁር ጠባሳ ትሆናለች። በሰማዩ ላይ ብታርፍ እሰየው፤ በአንዲት እናት ዐይን ላይ ብታርፍስ?

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነበር። ባለሙያው በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ሥር ኢሙልሽኑን በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቆ፣ ሳይንጥ በዝግታ ያማስላል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ፣ አረፋው ወደ ላይ እስኪወጣ ሙቀቱን ጠብቆ ያሳርፈዋል። ጥቂት አልኮል ጠብ ያደርግበታል፤ አልኮሉ የፈሳሹን የገጽ ውጥረት ስለሚያላላ አረፋው ቶሎ ይፈነዳል። ከዚያም ለብ ባለው መስተዋት መካከል፣ ከቅርብ፣ ሳያቋርጥ ያፈሳል። ሰሌዳውን ወደ አራቱም ማዕዘን እያዘነበለ ያዳርስና ትርፉን ያንጠፈጥፋል። የቀረች አረፋ ካለች ኢሙልሽኑ ሳይረጋ በመርፌ ይወጋታል። በመጨረሻም ሰሌዳውን በውሃ ልክ በተስተካከለ ቀዝቃዛ እብነ በረድ ላይ ያጋድመዋል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ለቅሞ መመለስ የለም።

በ1879 በአሜሪካ የሮቼስተር ከተማ የባንክ ጸሐፊ የነበረው ጆርጅ ኢስትማን የመቀቢያ መኪና የፈጠራ መብት በእንግሊዝ አገር አስመዘገበ። በእጅ የሚከናወነው ሥራም ቀስ በቀስ ለፋብሪካ ስፍራውን ለቀቀ።

ዛሬም ኢሙልሽናቸውን በገዛ እጃቸው የሚቀቡ አርቲስቶች አሉ፤ የሚገዙትም ለዚያው ሕግ ነው። እነሆ፣ በአሮጌ ኔጋቲቭ ላይ እንከን የለሽ ፊት ስናይ፣ እስትንፋሱን ውጦ ያፈሰሰውን ስም የለሽ ሠራተኛ እናስብ። ያ ፊት ሙሉ ሆኖ የደረሰን እርሱ ስላልቸኮለ ነው።