የቆመ ልብ ወለድ፤ ጥርጣሬና ዝምታ በአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ተጽፈው ስላለቁ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን መሐል ላይ ስለቆሙትም ጭምር ነው። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን የሚቆጠረው በኅትመት ዓመት ስለሆነ በአንዱ መጽሐፍና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ባዶ መስሎ ይታየናል። እኔ ግን የደራሲው ትግል በአብዛኛው የሚገኘው በዚያ ባዶ በሚመስለው ቦታ ነው እላለሁ። ነገሩ የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ አርባና ሃምሳ ገጽ ጽፈው «ተሰጥኦ የለኝም መሰለኝ፤ ተውኩት» የሚሉኝ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። ካቆሙት መካከል አንዳንዱ በእውነት መነበብ የሚገባው ነው።

ከሁላችንም ከሚታወቀው ልጀምር። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚያ በፊት ጎጃም ውስጥ የቤተ ክህነት ተማሪ፣ ቀጥሎ መምህር፣ ከራስ እምሩ ጋር አርበኛ፣ በኢጣሊያ እስረኛ፣ ከነጻነት በኋላ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነዋል። በመጽሐፉ ዘመን ዋዜማም በለንደን አምባሳደር ነበሩ። ዕድሜዬ አለፈ ለሚል ሰው ይህ ብቻውን በቂ መልስ ይመስለኛል። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» የወጣው በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። «የልም እዣት» ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ተከተለ። በመካከሉ ሹመት ነበር፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት ነበር፣ አብዮትም መጣ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው የመጀመሪያው መጽሐፍ በየቤቱ ሲደመጥ፣ ሁለተኛውን ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ከማን ጋር እንደሚወዳደር አስቡት። ከራሱ ጋር ነው። የተሳካ መጽሐፍ ካልተሳካው እኩል፣ ምናልባትም ይበልጥ፣ እጅ ያስራል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማበጀት ያስፈልጋል። ዝምታ ሁሉ ከጥርጣሬ የመጣ አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ሲታገድና ደራሲው ወደ ጎሬ ሲጋዝ፣ ያ የውስጥ መዛል ሳይሆን የመንግሥት ክንድ ነበር። አቤ ከዚያ ተመልሶ በ1961 ዓ.ም. ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ «አንድ ለናቱ»ን አሳተመ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በ1950ዎቹ ተጽፎ በአማርኛ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እነዚህን ሁለቱን «ጽናት አጡ» ብሎ መዝገብ ታሪክን ማዛባት ነው።

የጥርጣሬውን ነገር ከሁሉም በላይ ፊት ለፊት የተጋፈጠው በዓሉ ግርማ ነው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ከብዕሩ ጋር የሚታገል ሲራክ የተባለ ደራሲ ታሪክ ነው፤ ለገጸ ባሕርዩም መነሻ የሆነው ስብሐት እንደሆነ በሰፊው ይታወቃል። መጻፍ አለመቻል ራሱ የልብ ወለድ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል በአማርኛ በዚህ ልክ ያሳየ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሆኖም በዓሉን በተመለከተ ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉ የምፈልገው ሌላ፣ ብዙ የማይወራለት ነገር ነው። በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል»ን አሳትሞ ነበር። ብዙ ደራሲ የታተመውን እንደተፈጸመ ነገር ይተወዋል። በዓሉ ግን ያንኑ ታሪክ እንደገና አንሥቶ፣ አስፍቶና ለውጦ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። «ኦሮማይ» የወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ በዓሉ በ1976 ዓ.ም. ጠፋ። በመጀመሪያው መጽሐፉ አለመርካቱ ከመጻፍ አልከለከለውም፤ ወደ አሮጌው ገጽ መለሰው እንጂ። እንደ እኔ ንባብ በዚያ በሥራ በተጨናነቀ ዘመን እጁን ያፍታታው ይህ የድሮ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ባዶ ወረቀት የሚያስፈራውን ሰው የተጻፈ ወረቀት አያስፈራውም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ደቡብ ጎንደር ልምጣ። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ናት፤ የቅኔ ቤቱም በዚህ ደጋ ሁሉ የታወቀ ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ የቅኔ ባህል ረጅም ልብ ወለድን ጎድቷል ይላሉ፤ ቅኔ አጭር ነው፣ በአንድ ቀን ተነግሮ ያልቃል፣ ለዓመታት ሥራ አያለማምድም በማለት። በዚህ አልስማማም። ተማሪው በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ብቻ፣ ይጀምራል። ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ወደ መወድስ ያድጋል። የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል፣ ይነቅፉታል፣ አንዳንዴም ዝም ይሉታል። ነገ ሌላ ቅኔ አለ። የዛሬው ደካማ መሆኑ ተማሪውን ከጉባኤው አያስወጣውም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሥራው ተከፋፍሎ መሰጠቱ ነው፤ መቁጠር የተማሪው ነው፣ መፍረድ የመምህሩ ነው። ሌሊት ብቻውን ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው ወጣት ደራሲ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ፍርዱ ይቀድመዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሰው የቅኔ ቤት ልጅ መሆናቸውን ከዚህ ጋር አያይዤ ማየት እወዳለሁ።

ስለ ራሴም ጥቂት ልበል፤ ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል። ስለ ጋፋት ሠራተኞች የጀመርሁት ልብ ወለድ በሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ለዐሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። (በደብረ ታቦር አዳራሽ ተስፋ የቆረጠን ሰው ለማበረታታት ጋፋትን መጥቀስ ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልጠቅስም። ሴባስቶፖል ዐፄ ቴዎድሮስን ከመቅደላው ሽንፈት እንዳላዳናቸው እናንተም ታውቃላችሁ።) እኔን ያቆመኝ የሙያዬ ልማድ ነበር። ስለ ዋልድማየርና ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ሚሲዮናውያኑ የእጅ ባለሙያዎች፣ የተጻፈ ሞልቷል። ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ ያንን ብረት በጋይንት ገደል እየጎተቱ ወደ መቅደላ ያወጡት የአገሬው ሰዎች ግን በአብዛኛው ስም የላቸውም። ለአንዱ ስም ስሰጠው፣ እናቱን ስሰጠው፣ «ማስረጃህ የት አለ?» የሚል ድምፅ ይነሣብኝ ነበር። ለታሪክ ጥናት ይህ ድምፅ ግዴታ ነው። ለልብ ወለድ ግን የተሳሳተ ዳኛ ነው፤ ሰነድ ስም የነሣቸውን ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ስም ይነሣቸዋል።

የተነሣሁት በአዲስ ምዕራፍ አይደለም። ሦስተኛውን ምዕራፍ፣ ጎታቾቹ ጉና ግርጌ በብርድ የሚያድሩበትን፣ እንደገና ጻፍሁት። ከዚያ በየሳምንቱ አምስት ገጽ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ማንበብ ጀመርሁ። እርሳቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ናቸው፤ «ይህ ሰው ተርቧል ብለሃል፤ ምን በላ?» ዓይነት ጥያቄ እንጂ ምስጋና አይሰጡም። አሁን ዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ከሚመጣው ዓርብ ጀምሮ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በትምህርት ክፍላችን የስብሰባ ክፍል እንቀመጣለን። የቆመ ሥራ ያላችሁ አምስት ገጽ ይዛችሁ ኑ፤ አዲስ ባይሆንም ይሁን። አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ በራሱ ሥራ ላይ ግን አስተያየት መስጠት አይፈቀድለትም።